በሹክሹክታ የተበላ ድግስ

ሊንዴል ፕራውት ቀን የምትቆርጠው ካላንደር አይታ ሳይሆን ሰው ጠይቃ ነው። የከሰል ማዕድን ባለበት በዋራንጉል ከተማ ካላንደር ብቻውን ለማንም አይረባም። ቅዳሜ ለግማሹ ሰው የጨዋታ ቀን ነው፣ ለግማሹ ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ የሚተኛበት። ስለዚህ ልጇ ታርኒ «ቀለበት ልናስር ነው፣ ግብዣው ባንቺ ጓሮ ይሁን» ባለቻት ጊዜ፣ ሊንዴል መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ኮፍያዋን ደፍታ የመንገዱን በር ሁሉ ማንኳኳት ነበር። «በዚያ ቅዳሜ ምን ላይ ናችሁ? ቀን ናችሁ ሌሊት?»

ሰዉ ለምዷታል። በትምህርት ቤቱ ምግብ መሸጫ ሳንድዊች የምታዘጋጅ፣ ከሰው ጋር ተጣልታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ግን ቀን የሚተኛ ሰው አጠገብ ሣር የሚያጭድ ካየች ሌላ ሰው ትሆናለች። ማጨጃውን ከእጁ ነጥቃ እስከ ማጥፋት ደርሳለች። ልጆቹ «የእንቅልፍ ፖሊስ» ይሏታል። ትልልቆቹም ይሏታል፣ እሷ በሌለችበት።

በጣም ያሳሰባት ከጓሮዋ አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለየው ጎረቤቷ ነበር። ትክክለኛ ስሙ ግራንት ነው። በር የሚገባው በጎኑ ዞሮ ስለሆነ ከተማው ሚጢጢ ብሎ ሰይሞታል፣ ከዚያ ወዲህ እናቱ እንኳ በስሙ አትጠራውም። ቤት የሚያህል ገልባጭ መኪና ነው የሚነዳው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ሊንዴል ጓሮ ይመለከታል። ስትጠይቀው ራሱን እያከከ አሰበና «በዚያ ሳምንት ዕረፍት ነኝ ሊን» አላት። «ቋሊማ ካለ እመጣለሁ። ሰላጣ ብቻ ከሆነ ግን ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ።»

ይህን ሰምታ ተረጋጋች። ለሷ መረጋጋት ማለት በቀን አንዴ ብቻ መጨነቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሮቹን ጓሮ ውስጥ ስትደረድር ቀና ብላ ወደ አጥሩ ማዶ አየች። የሚጢጢ መኝታ ቤት መስኮት ከላይ እስከ ታች የሚያብረቀርቅ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ተለጥፎበት ፀሐይዋን መልሶ ይተፋል። በዋራንጉል ፎይል የሚለጠፍበት ምክንያት አንድ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ቀኑን ሌሊት ሊያደርገው ይሞክራል። በቤቱ ጎን አንገቷን አስግጋ ስታይ ደግሞ ፒክአፑ፣ ማዕድኑ ውስጥ ከሩቅ እንዲታይ ከሚተከልበት ረጅም ባንዲራ ጋር ቆሟል፣ ጎማው በከሰል ዱቄት ጠቁሯል።

ወንበሩን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወንበሩን እንቁላል እንደምታስቀምጥ ቀስ አድርጋ አኖረችና በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወደ ኩሽና ገባች።

ታርኒ ኬክ ላይ ክሬም ትቀባለች። እጮኛዋ ብሮዲ የበረዶ ከረጢት ተሸክሞ መሃል ላይ ቆሟል።

«ሚጢጢ ለምንድነው ሌሊት ላይ ያለው?» አለች ሊንዴል።

ታርኒ ብሮዲን አየችው። ብሮዲ በረዶውን አየ።

«እኔ ነኝ ሊን» አለ በመጨረሻ። «የዚህ ሳምንት ሌሊት የኔ ነበር። ተቀያየርን። ትናንት ማታ ገባልኝ፣ ዛሬም ይገባልኛል።»

«ፈረቃዬን አስተካክያለሁ አላልከኝም?»

«አስተካክዬዋለሁ እኮ። በሱ ነው ያስተካከልኩት።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱ ነዋ እንዳንነግርሽ ያለን» አለች ታርኒ። «ሊን ከሰማች ድግሱን ትሰርዘዋለች ነው ያለው። ዋሽቷል እንዴ?»

አልዋሸም። ሊንዴል ደረቅ እጇን ፎጣ ላይ ትጠርግ ጀመር።

ባሏ ኮሊን የሞተው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣ ጠዋት፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥታ ዛፍ ገጨች። ፍሬን የያዘበት ምልክት አልተገኘም። እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ከሦስት ቤት በኋላ ያለ አንድ ሰው መዋኛ ገንዳ ሊያሠራ ኮንክሪት በመጋዝ ሲያስቆርጥ ውሎ ነበር። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ሊንዴል ግን ጠላችው። በቀብሩ ዕለት ይዞት የመጣውን የዶሮ ጥብስ ከነሳህኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ሰላም ላለማለት መንገድ እየተሻገረች ኖረች፣ ቤቱን ሸጦ ከከተማ ሲወጣም አልወጣላትም። ዛሬ ደግሞ ሠላሳ ምናምን ሰው፣ ድምፅ ማጉያና ቢራ ይዛ ራሷ ያ ሰውዬ ልትሆን ነው። ፍርሃቱ እንደ ምጥ እየመጣ ይሄድባታል።

መሰረዝ አይቻልም ነበር። የብሮዲ ወላጆች ከባሕሩ ዳር ከተማ ከንጋት ጀምሮ እየነዱ ነው። የከተማው አዳራሽ ተይዟል። መናፈሻው ውስጥ በዚያ ሙቀት ኬክ አይደለም ሰውም ይቀልጣል።

«እሺ» አለች ሊንዴል። «ግብዣው ይኖራል። ድምፅ ግን አይኖርም።»

«እማዬ፣ የቀለበት ፕሮግራም ነው እኮ። የመነኩሴ ምሳ አይደለም።»

«ታርኒ፣ ያንን ድምፅ ማጉያ ወደ መኪናሽ መልሺ።»

ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ከአጥሩ ርቀው ወደ ልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ከቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ ሄዱ። ማንም ወንበር አልጎተተም፤ እያንዳንዱ በእጅ ተነሥቶ ተወሰደ። ሊንዴል በሩ ላይ ቆማ የመጣውን ሁሉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለች፤ መኪናውን መንገዱ ጫፍ እንዲያቆም መለሰችው። የከተማው ሰዎች ምንም አልጠየቁም። አንዴ ወደ ፎይሉ አይተው ቦት ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ቢራ የሚከፍት ሰው ጣሳውን እርጥብ ፎጣ ውስጥ ከቶ ነው የሚከፍተው፤ ጭስስ የሚለው ድምፅ እዚያው ይቀራል። ሕፃናቱን የታርኒ ጓደኛ ሰብስባ ወደ ከተማው መዋኛ ወሰደቻቸው። ሰው የሳቀ እንደሆነ ፊቱን ክርኑ ውስጥ ደፍቶ ነው የሚስቀው። አንዳንዱማ እንደ ተደበቀ ተማሪ ደስ ብሎታል።

ሊንዴልን ግን ምንም ደስ አላላትም። ሳህን ይዛ ትዞራለች፣ አትበላም። ማንኪያ ከሳህን ጋር በተጋጨ ቁጥር ትከሻዋ ይሸማቀቃል። ዓይኗ ፎይሉ ላይ ነው። አንዴ የመስኮቱ ጥግ የተነቃነቀ መሰላት፤ ወፍ ነበረች። የሚጠጣ አምጥተውላት ነበር፣ የት እንዳስቀመጠችው እንኳ አታውቅም።

በዚህ መሃል ነው የብሮዲ አባት ኔቪል የመጣው። በሩ ድረስ ነድቶ፣ ደስታውን ለመግለጽ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋው።

ሊንዴል ስትሮጥ ጫማዋ ከእግሯ ወለቀ፣ ትታው ሄደች።

ኔቪል በከብት ገበያ ሐራጅ የሚያስጫርት ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሺህ ከብት ጩኸት ላይ ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ነው ያለው፤ ቀስ ማለት የሚባለውን ነገር ሰምቶታል እንጂ ሞክሮት አያውቅም። ከመኪናው ወርዶ ጫማ ያወለቁትን፣ ከቆሻሻ በርሜል አጠገብ ተኮልኩለው የሚንሾካሾኩትን እንግዶች አየና፣ «ምንድነው ይሄ?» አለ ባለ በሌለ ድምፁ። «ሰው ሞቷል እንዴ?»

ሁሉም ወደ ሊንዴል ላለማየት ሳህኑን አየ።

ብሮዲ አባቱን በክንዱ ይዞ ወደ መኪናው ኋላ ወሰደው። ምን እንዳለው ሊንዴል አልሰማችም፤ ኔቪል ግን ሲመለስ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። በሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ የፊት ለፊት ጎረቤት ውሻ ጆሮውን አቆመ። «አፌን የሠራው ሰው የድምፅ መቆጣጠሪያ ረስቶበታል።»

«ረስቶበታል» አለች ሚስቱ ሼሪል። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስፈልገው ኖሬያለሁ።»

ሊንዴል ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር።

ከምግቡ በኋላ ንግግር መኖር ነበረበት። ኔቪል ለልጁ ቀለበት የሚናገረውን በመኪና ውስጥ ሁለት ሳምንት ሲለማመድ ከርሟል፤ ንግግሩን መከልከል ሰውየውን አፍኖ መግደል ነው። ሊንዴልም ለዚህ አልጨከነችም። «ግን ቀስ ብለህ፣ እባክህ» አለችው። እንግዶቹ ወንበራቸውን አንሥተው ተጠጉ፣ አንገታቸውን አስግገው ከበቡት። ኔቪል ጉንጮቹን ነፋ፣ ድምፁን ሆዱ ውስጥ ቆለፈና ጀመረ። ብሮዲ ልጅ ሆኖ እንዴት አንድ በሬ ለጨረታ እንዳቀረበ፣ በሬውን ማን እንደገዛው፣ ገዢው ወደ ቤቱ ሲነዳው መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው እያለ ቀጠለ። ሰዉ ሳቁን እየዋጠ እንባው ይፈሳል። ታርኒ እንኳ ኩርፊያዋን ትታ የእጮኛዋን ትከሻ ትነክሳለች።

የሚጢጢ የጓሮ በር ሲጢጥ አለ።

ሁሉም ባለበት ደረቀ። ኔቪል አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሊንዴል ወደ አጥሩ ሄደች። ሚጢጢ በቁምጣ፣ ያለ ሸሚዝ፣ ፀጉሩ ቆሞ ወጣ፤ ከአጥሩ በላይ ከደረቱ ጀምሮ ይታያል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ቀሰቀስንህ» አለች። «ቀሰቀስንህ አይደል? ይቅር በለኝ ሚጢጢ። እኔ አላወቅሁም፣ ባውቅ ኖሮ ...»

«ማን ቀሰቀሰኝ? የሚቀሰቀስ የተኛ ሰው ነው» አለ ሚጢጢ። «ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ዓይኔን ሰክቼ ነው የዋልኩት። ከናንተ ድምፅ አልነበረም ሊን። ጫጫታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ጫጫታ እለምዳለሁ። ይሄ ሰውዬ ሲንሾካሾክ ግን ግማሹ ይሰማኛል፣ ግማሹ አይሰማኝም። በሬው ገደል ገባ ወይስ አልገባም?»

ከኋላዋ ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። ሊንዴል አልሳቀችም።

«ታዲያ ለምን አልተኛህም?»

«ፈረቃው ነዋ። ዕረፍት ላይ ሆኜ እንደ ሰው ሌሊት ስተኛ ከርሜ በአንድ ጊዜ ሲገለብጡኝ ሰውነቴ እምቢ አለ። ትናንትም ሳልተኛ ነው የገባሁት።» ዓይኑን በመዳፉ አሸው። «ብሮዲ ላይ እንዳትጮሂበት፣ እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።»

ሊንዴል በዚያን ጊዜ ገባት። ሲጠነቀቁት የዋሉት ሁሉ፣ ፎጣው፣ ጫማው፣ ወደ ዋና የተባረሩት ሕፃናት፣ ለዚህ ሰው ምንም አልጠቀመውም። እንቅልፉን የወሰደው ገና ማንም ሳይመጣ፣ ፈረቃ ያስቀየረው ግብዣው ራሱ ነው።

«ዛሬ ማታስ?» አለች።

«እገባለኋ። ማን ይገባልኛል? ብሮዲ ቢራ ቀምሷል፣ ማዕድኑ በር ላይ ትንፋሹን መርምረው ይመልሱታል። አይዞሽ ሊን። ከዚህ የባሰም አሳልፌያለሁ።»

አይዞሽ ሊን። ከዚህ የባሰም አሳልፌያለሁ። ኮሊን ያላት ይህንኑ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይጎድል፣ እንዲህ ዓይኗን ሽሽት መሬት መሬት እያየ። የቆርቆሮውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። ፈርታለች፣ ግን ይህ ፍርሃት ቀኑን ሙሉ ሲያሯሩጣት ከዋለው ይለያል፤ ይህኛው አንድ ቦታ አቁሟታል።

«ደውል» አለችው።

«ለማን?»

«ለአለቃህ። አልተኛሁም፣ አልነዳም በለው።»

ሚጢጢ ሳቀ። «ትራሱን አላየሽም መሰለኝ። ባለፈው ዓመት አንዱ ደክሞኛል ብሎ ቀረ፤ አበባ ያለበት የሕፃን ትራስ ሥራ ቦታ ያለው ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀሉለት። እስከ ዛሬ ድረስ አለ። በሬዲዮ ሲጠሩት እሹሩሩ እየዘፈኑለት ነው።»

«ትራሱን እኔ እሰፋልሃለሁ። ዳንቴል አደርግበታለሁ። ደውል።»

«ሊን ...»

«አጥሩን ዘልዬ ስልክህን እወስደዋለሁ።»

«በዚህ ቁመትሽ?»

«ሚጢጢ» አለች፤ ድምፏ ከፍ ማለቱን እሷ አላወቀችውም፣ ጓሮው ሁሉ ግን ሰማው። «ጠዋት መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ ሲሉኝ መስማት አልችልም። አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

ሚጢጢ ፈገግታው ጠፋ። ከዚያ ስልኩን ከቁምጣው ኪስ አወጣና በአውራ ጣቱ ደወለ።

«ሃሎ፣ ሚጢጢ ነኝ» አለ። «ስማ፣ አልተኛሁም። ትናንትም አልተኛሁም። ዛሬ ማታ መንዳት አልችልም።» አዳመጠ። «አዎ።» አዳመጠ። «እሺ። እሺ ወንድሜ፣ ደህና ዋል።»

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ምን አለህ?»

«ሰው እፈልጋለሁ፣ አንተ ሂድና ተኛ አለኝ።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሊንዴል አስታወሰች፤ ከመሞቱ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ኮሊን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጋዙ ይጮሃል፣ ዓይኑ እንደዚህ ሰው ዓይን ቀልቷል፣ አልተኛሁም ብሏታል። ስልኩ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበረ። ይደውል የሚለው በእሱም በእሷም ሐሳብ አልመጣም፤ ሰው ይገባል፣ ሥራ ነው፣ እንዲህ ነው የሚኖረው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ኮንክሪት የሚያስቆርጥ ሰው ስትጠላ ኖረች።

«ምሳውን ቋጠርኩለት» አለች።

ሚጢጢ አልገባውም። «ምን?»

«ኮሊን እንዳልተኛ እያየሁት፣ ምሳውን ቋጥሬ በሩ ድረስ ሸኘሁት። ቀስ ብለህ ንዳ ነው ያልኩት።»

ሚጢጢ ሰፊ መዳፉን ቆርቆሮውን በጨበጠው እጇ ላይ አኖረው፣ እዚያው ተወው።

ከኋላ ያሉት ስልኩን እንጂ ይህን አልሰሙም። የሰሙት ሰውየው ማታ እንደማይገባ፣ ማንም እንዳልተኛ፣ ከእንግዲህ ማንም መንሾካሾክ እንደሌለበት ነው። ወንበር ተጎተተ፣ ጣሳ ያለ ፎጣ ተከፈተ፣ አንዱ ዕድሜ ይስጥህ ሚጢጢ ብሎ ጮኸ። ታርኒ «ኔቪል፣ እንግዲህ በሬውን ጨርስልን» አለች። ኔቪልም ቀኑን ሙሉ ሆዱ ውስጥ ቆልፎት የዋለውን ድምፅ ለቀቀው፤ ከብት ገበያውን፣ በሬውን፣ ገዢውን፣ ገደሉን ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረ። ድምፁ ጓሮውን አልፎ መንገዱን ሞላው፣ ውሾቹ ተቀበሉት፣ ሰዉ በሳቅ ጠረጴዛ ደበደበ። ሊንዴል አጥሩን እንደያዘች፣ ጀርባዋን ለእንግዶቹ እንደሰጠች ታለቅስ ነበር፤ ያንን ከሚጢጢ በቀር የሰማ አልነበረም።